«ትናንት መጥቷል» በእንግሊዝኛ ለምን አያስኬድም?

(በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞችና ለሥራ ፈላጊዎች የቀረበ ገለጻ ነው። የእንግሊዝኛው ምሳሌ ሁሉ እንደሚነበበው በፊደላችን ተጽፏል፤ ጮክ ብላችሁ አንብቡት።)

እንደምን ዋላችሁ። አብዛኞቻችሁ «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» የሚለውን ሰንጠረዥ በቃላችሁ ትወጡታላችሁ። ፈተና ላይ የሚጥላችሁ ሰንጠረዡ አይደለም። አራቱ ምርጫዎች ሲቀርቡ አራቱም በትክክል የተጻፉ ግሶች ናቸው፤ ጥያቄው የትኛው እዚህ ቦታ ይገባል ነው። ያን ጊዜ ብዙው ሰው ዓረፍተ ነገሩን በልቡ ወደ አማርኛ ይመልስና ከአማርኛው ጋር የሚመሳሰለውን ያከብባል። የምንነጋገረው ይህ መንገድ የት እንደሚያደርስና የት ገደል እንደሚከት ነው።

አማርኛችን ለኃላፊ ጊዜ የደኸየ ቋንቋ አይደለም። ሄደ፣ ሄዷል፣ ሄዶ ነበር፣ ይሄድ ነበር፣ እየሄደ ነበር እንላለን። እንግሊዝኛውም ሲምፕል ፓስት፣ ፕረዘንት ፐርፌክት፣ ፓስት ፐርፌክት፣ ዩዝድ ቱ፣ ፓስት ኮንቲኒዩስ አለው። አምስት ለአምስት ስለሆኑ አንድ በአንድ የሚገጥሙ ይመስላሉ። በዚያ ላይ የአማርኛ ሰዋስው መምህሮቻችን «ሄዷል»ን የቅርብ ኃላፊ፣ «ሄዶ ነበር»ን የሩቅ ኃላፊ ብለው አስተምረውናል። ተማሪው ይህን ስያሜ ይዞ እንግሊዝኛ ክፍል ይገባና ፕረዘንት ፐርፌክት በቅርቡ ለሆነ፣ ፓስት ፐርፌክት ድሮ ለሆነ ነው ብሎ ይደመድማል። ስህተቱ ሁሉ የሚፈለፈለው እዚህ ላይ ነው።

እንግሊዝኛ ርቀት አይለካም። ሐዳር ላይ በ1974 እ.ኤ.አ. የተገኘችው ድንቅነሽ የኖረችው ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው፤ «ሉሲ ሊቭድ 3.2 ሚሊየን ዪርስ አጎ» ይባላል። ታክሲው ከሁለት ደቂቃ በፊት ከማዞሪያው ከተነሣም «ዘ ታክሲ ሌፍት ቱ ሚኒትስ አጎ» ነው። ሁለቱም ሲምፕል ፓስት ናቸው። እንግሊዝኛ የሚጠይቀው ድርጊቱ የወደቀበት ጊዜ ተዘግቷል ወይስ እስከ አሁን ክፍት ነው ብሎ ነው።

የተዘጋ ጊዜ ምልክቶቹ የታወቁ ናቸው፦ የስተርደይ፣ ላስት ዊክ፣ አጎ፣ ኢን 2014፣ ዌን አይ ዎዝ ኤ ቻይልድ። ከእነዚህ አንዱ ከተጠራ ፕረዘንት ፐርፌክት ከዓረፍተ ነገሩ ይወጣል። በአማርኛ «ትናንት መጥቷል» ብንል ማንም አይገርመውም፤ «ባለፈው ሳምንት ከፍሏል» ደህና አማርኛ ነው። «ሂ ሃዝ ከም የስተርደይ» ግን በእንግሊዝኛ አይቆምም፤ «ሂ ኬም የስተርደይ» መባል አለበት። «መቼ» ብሎ መጠየቅም ጊዜው ተዘግቷል ማለት ስለሆነ «ዌን ዲድ ዩ ፊኒሽ?» እንጂ «ዌን ሃቭ ዩ ፊኒሽት?» አይባልም። ክፍት ጊዜን የሚጠሩት ደግሞ ሶ ፋር፣ የት፣ ኤቨር፣ ኔቨር፣ ሲንስ ናቸው፤ ቱደይና ዚስ ዊክም ገና ስላላለቁ ከእነርሱ ጋር ይሄዳሉ።

«ዚስ ሞርኒንግ» ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ቆማችሁ ዛሬ ጠዋት አይተሃታል ወይ ብትሉ «ሃቭ ዩ ሲን ኸር ዚስ ሞርኒንግ?» ነው፤ ጠዋቱ አላለቀም። ይኸው ጥያቄ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሲጠየቅ «ዲድ ዩ ሲ ኸር ዚስ ሞርኒንግ?» ይሆናል። ቀኑ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጠዋቱ መዘጋቱ ነው።

የጊዜ ቃል ሳይጠራም ጊዜ ይዘጋል። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ ማራቶን አሸንፎ በ1973 አርፏል፤ ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ሰው ካረፈ በኋላ የሠራው ሥራ በሙሉ በተዘጋ ጊዜ ውስጥ ነውና ዓመት ባትጠሩም «አበበ ቢቂላ ዎን ቱ ኦሊምፒክ ማራቶንስ» ትላላችሁ፤ «ሃዝ ዎን» አትሉም። ዛሬም እየሮጠ ስላለ አትሌት ብታወሩ ግን «ሃዝ ዎን» ትክክል ነው፤ ነገም ሊያሸንፍ ይችላላ።

ጊዜው ካልተጠራና ካልተዘጋ ምርጫው የእናንተ ነው፤ ትርጉሙ ግን ይለያያል። «አይ ሃቭ ሎስት ማይ ኪ» ያለች ሴት አሁንም ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ቆማለች፤ ቁልፉ አልተገኘም። «አይ ሎስት ማይ ኪ» ካለች ግን ስለ አንድ ያለፈ ቀን እያወራች ሊሆን ይችላል፤ ቁልፉ ተገኝቶ ይሁን ተቀይሮ ዓረፍተ ነገሩ አይናገርም።

የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ይህ በሥርዓት ይመጣል። ጠያቂው «ሃቭ ዩ ኤቨር ወርክት አት ናይት?» ይላል። ሌሊት ሠርተህ ታውቃለህ ወይ ማለቱ ነው፤ መቼ እንደሆነ ግድ የለውም። መልሱ «የስ፣ አይ ሃቭ» ብሎ ይጀምርና ዝርዝሩ ሲመጣ ወዲያው ይቀየራል፦ «አይ ወርክት ናይት ሺፍትስ ኢን ኤ ፋክተሪ ኢን ገላን ላስት ዪር።» ከዚያ በኋላ ስለዚያ ፋብሪካ የምትሉት ሁሉ በሲምፕል ፓስት ይቀጥላል። ብዙ ተጠያቂ የሚሰናከለው በ«ሃቭ» ከጀመረ በኋላ ታሪኩን እስከ መጨረሻው በ«ሃቭ» ስለሚጎትተው ነው። ዜናም ይህንኑ ሥርዓት ይከተላል፦ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አዲሱን ነገር በፕረዘንት ፐርፌክት ያበስራል፤ ቀንና ቦታ ሲጠራ ወደ ሲምፕል ፓስት ይወርዳል። እዚሁ አጠገባችን ያለውን የክፍያ መንገድ ውሰዱ። «ዘ ኤክስፕረስዌይ ቱ አዳማ ኦፕንድ ኢን 2014» ይባላል፤ ዓመቱ ተጠርቷል። ያመጣው ለውጥ ግን ዛሬም ስላለ «ኢት ሃዝ ሾርትንድ ዘ ጀርኒ» ይባላል።

በዚህ አጋጣሚ «ቢን»ን እና «ጎን»ን ለዩ። «ሺ ሃዝ ጎን ቱ አዳማ» ከተባለ አዳማ ናት፤ እዚህ አታገኟትም። «ሺ ሃዝ ቢን ቱ አዳማ» ከተባለ ሄዳ ተመልሳለች። ስለዚህ ፊት ለፊት ቆሞ ስለ ራሱ «አይ ሃቭ ጎን ቱ አዳማ» የሚል ሰው ሰሚውን ግራ ያጋባል። በአማርኛ «አዳማ ሄጄ አውቃለሁ» የምንለው «አይ ሃቭ ቢን ቱ አዳማ» ነው፤ «ሄጄ አላውቅም» ደግሞ «አይ ሃቭ ኔቨር ቢን ቱ አዳማ»። «አውቃለሁ» የሚለውን «አይ ኖው» ብላችሁ አታስገቡት።

አሁን ከሁሉ ወደሚደበቀው ችግር እንምጣ፤ መጻሕፍት ብዙም አያነሡትም። «መጣ» በአሉታ «አልመጣም» ይሆናል። «መጥቷል»ስ? እሱም «አልመጣም» ነው። አዎንታው ላይ የነበረው ልዩነት አሉታው ላይ ጠፋ ማለት ነው። እንግሊዝኛው ግን አይጠፋበትም፤ «ዲድንት ከም» እና «ሃዝንት ከም» ለየብቻ ናቸው። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ አሉታ ሲጽፍ ከአፍ መፍቻ ቋንቋው ምንም ፍንጭ አያገኝም፤ ራሱ መወሰን አለበት።

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያለ ሰው «ውሃ አልመጣም» ሲል ሁለት ነገር ማለቱ ሊሆን ይችላል። ባልዲ ደርድሮ እየጠበቀ ከሆነ «ዘ ዋተር ሃዝንት ከም ባክ የት» ነው። የትናንቱ ፈረቃ እንዲያው አልፎ ከሆነ «ዘ ዋተር ዲድንት ከም ባክ ላስት ናይት» ነው። ለመለየት «ገና» የሚለውን ቃል አማርኛው ውስጥ ክተቱ። «ውሃ ገና አልመጣም» ብሎ ትርጉሙ ካልተበላሸ «ሃዝንት» ውሰዱ፤ «ያን ቀን» የሚለው ከተስማማው «ዲድንት»። ከ«ዲድንት» በኋላ ግሱ ወደ መነሻው እንደሚመለስም አትርሱ፤ ኃላፊውን «ዲድ» ተሸክሞታል። «ዲድንት ኬም» ኃላፊን ሁለቴ መጫን ነው።

ፓስት ፐርፌክት ላይ ስህተቱ በተቃራኒው አቅጣጫ ነው፤ እዚያ የምንበድለው አብዝተን በመጠቀም ነው። «ባለፈው ዓመት ባሕር ዳር ሄጄ ነበር» ንጹሕ አማርኛ ነው፤ ሌላ ምንም አይጠብቅም። ተማሪው «ነበር»ን አይቶ «አይ ሃድ ጎን ቱ ባሕር ዳር ላስት ዪር» ይጽፋል። እንግሊዝኛ አንባቢ «ከምን በፊት?» ብሎ ቀሪውን ይጠብቃል፤ ቀሪው አይመጣም። ትክክሉ «አይ ዌንት ቱ ባሕር ዳር ላስት ዪር» ነው። «ደውዬልህ ነበር» «አይ ኮልድ ዩ» ነው፤ በትሕትና «ልጠይቅዎ ፈልጌ ነበር» የምንለውም «አይ ዎንቲድ ቱ አስክ ዩ» ነው። የእኛ «ነበር» ብቻውን ይቆማል፤ የእነርሱ «ሃድ» ግን የሚደገፍበት ሌላ ኃላፊ ድርጊት ይፈልጋል።

ሦስት ዓረፍተ ነገሮችን አነጻጽሩ፤ የመጀመሪያው ግማሽ በሦስቱም አንድ ነው፦

«ዌን ዊ አራይቭድ፣ ዘ ታክሲ ሌፍት።» ደረስን፤ ከዚያ ታክሲው ሄደ። ምናልባት እኛን ሲጠብቅ ነበር።

«ዌን ዊ አራይቭድ፣ ዘ ታክሲ ዎዝ ሊቪንግ።» ስንደርስ ታክሲው እየተነሣ ነበር፤ ብንሮጥ እንደርስበታለን።

«ዌን ዊ አራይቭድ፣ ዘ ታክሲ ሃድ ሌፍት።» ስንደርስ ታክሲው ሄዷል፤ ማዞሪያው ባዶ ነው።

በሦስተኛው ላይ ልብ በሉ፤ አማርኛው «ሄዷል» ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ «ሄዶ ነበር» ማለት ግዴታው አይደለም። እንግሊዝኛው ግን «ሃድ»ን ከተወ ትርጉሙ ወደ መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይገለበጣል። «ሃድ» የግድ የሚሆነው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው፦ ወሬው ወደ ኋላ ሲመለስና ሰሚው ቅደም ተከተሉን ሊስት ሲችል። «ሺ ዎዝ ታየርድ ቢኮዝ ሺ ሃድ ወርክት ኦል ናይት» ሌላው ጥሩ ቦታው ነው፤ መጀመሪያ ድካሟን አየን፣ ከዚያ ወደ መንስኤው ተመለስን። ድርጊቶቹን በሆኑበት ቅደም ተከተል ካወራችኋቸው ግን «ሃድ» አያስፈልግም፦ ተነሣሁ፣ ታጠብኩ፣ ወጣሁ፤ ሦስቱም ሲምፕል ፓስት። «ቢፎር» እና «አፍተር» ካሉም ቅደም ተከተሉን እነርሱ ስለሚናገሩ «ሃድ» ቢኖርም ባይኖርም ያው ነው። ድርሰት ላይ ወደ ኋላ ስትመለሱ አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር በ«ሃድ» ጻፉና ወደ ሲምፕል ፓስት ውጡ። አንድ ሙሉ አንቀጽ «ሃድ፣ ሃድ፣ ሃድ» ሲል የሚያነብ ፈታኝ ይሰለቻል፤ ቢሰለችም አይፈረድበትም።

«ይሠራ ነበር» እና «እየሠራ ነበር» በአማርኛ ቁልጭ ብለው የተለዩ ስለሆኑ እዚህ አማርኛ ይረዳናል። «እየሠራ ነበር» «ዎዝ ወርኪንግ» ነው። «ይሠራ ነበር» የቀረ ልማድ ከሆነ «ዩዝድ ቱ ወርክ» ነው። የሚበላሸው ሁለቱንም «ዎዝ ወርኪንግ» ሲሏቸው ነው። መብራት ሲጠፋ ወጥ እየሠራሁ ነበር ለማለት «አይ ዎዝ ኩኪንግ ዌን ዘ ፓወር ዌንት ኦፍ»፤ ረጅሙ ድርጊት ኮንቲኒዩስ፣ ያቋረጠው አጭሩ ሲምፕል ፓስት ይሆናል። ሻማ ያበራችሁት ከጠፋ በኋላ ከሆነ ግን «ዌን ዘ ፓወር ዌንት ኦፍ፣ አይ ሊት ኤ ካንድል»። እዚህ «ዎዝ ላይቲንግ» ካላችሁ መብራቱ ሳይጠፋ ሻማ ማብራት ጀምራችሁ ነበር።

«ዩዝድ ቱ» ከቁጥርና ከተቆረጠ የጊዜ ርዝመት ጋር አይስማማም። ሁለት ዓመት እዚያ ከሠራችሁ «አይ ወርክት ዜር ፎር ቱ ዪርስ» በቂ ነው። «ዉድ» ደግሞ ለተደጋገመ ድርጊት ይሆናል፤ ለሁኔታ አይሆንም። ይህ ሰፈር ቀድሞ የእርሻ መሬት ነበር ስትሉ «ዚስ ኤርያ ዩዝድ ቱ ቢ ፋርምላንድ» እንጂ «ዉድ ቢ» አትሉም። ማወቅ፣ መፈለግ፣ ማመን፣ መረዳት፣ ባለቤት መሆን የሚሉ ግሶች ደግሞ በተለምዶ «ዎዝ ...ኢንግ» ውስጥ አይገቡም፤ «አውቀው ነበር» «አይ ኒው ሂም» ነው።

ቀጥሎ ያለው ብዙ ማመልከቻ ያበላሸ ነው። «ከ2015 ጀምሮ እዚህ እኖራለሁ» እንላለን፤ ግሱ የአሁን ነው። ስለዚህ «አይ ሊቭ ሂር ሲንስ...» ይጻፋል። እንግሊዝኛው ድሮ ተጀምሮ እስከ አሁን የዘለቀን ነገር የሚናገረው በፕረዘንት ፐርፌክት ነው፦ «አይ ሃቭ ሊቭድ ሂር ሲንስ...»። «ሲንስ» መነሻውን ነጥብ ይይዛል፣ «ፎር» ርዝመቱን፤ «ሲንስ ስሪ ዪርስ» አይባልም። ከ«ፎር» ጋር ግን ሁለቱም ቴንስ ይቻላልና ተጠንቀቁ። «አይ ሃቭ ወርክት ሂር ፎር ቱ ዪርስ» ያለ አሁንም እዚያው ነው፤ «አይ ወርክት ዜር ፎር ቱ ዪርስ» ያለ ለቋል። ሥራ የለቀቀ ሰው ሲቪው ላይ «ሃቭ ወርክት» ቢል ቀጣሪው አሁንም ተቀጣሪ ነው ብሎ ይረዳል።

ዓመቱንም ቀይሩት። «ሲንስ 2010» ብሎ የእኛን ዓመት የጻፈ ሰው የውጭ ድርጅት ዘንድ ሰባት ስምንት ዓመት ልምድ በሐሰት የጨመረ ይመስላል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለሆነ ነገር 7፣ ከዚያ ወዲህ እስከ ጳጉሜን ላለው 8 ደምሩ። ጥቅምት 2010 ዓ.ም. የተጀመረ ሥራ 2017፣ መጋቢት 2010 የተጀመረው 2018 ነው።

በአማርኛ ኃላፊ መስለው በእንግሊዝኛ የአሁን የሚሆኑም አሉ፤ ቶሎ እንለፋቸው። በስልክ «መጣሁ፣ መጣሁ» የሚል ሰው ገና ከቤት አልወጣ ይሆናል፤ «አይም ከሚንግ» ነው። «ደከመኝ» «አይም ታየርድ»፣ «ራበኝ» «አይም ሀንግሪ»፣ «ገባኝ» «አይ ሲ»።

አነባበብ ላይ አንድ ነገር፦ መደበኛ ግሶች መጨረሻቸው ላይ የሚጨምሩት ሦስት ድምፅ አለው። ግሱ በት ወይም በድ ካለቀ «ኢድ» ይሆናል፤ ዎንቲድ፣ ስታርቲድ። በክ፣ በፕ፣ በስ፣ በሽ፣ በች፣ በፍ ካለቀ «ት»፤ ወርክት፣ ፊኒሽት። የቀረው ሁሉ «ድ»፤ ሊቭድ፣ ኮልድ። «ወርኪድ» የሚለው በየክፍሉ የሚሰማ ስህተት ነው፤ ትርጉም አያጠፋም፣ ጆሮ ግን ይቆጠቁጣል።

እንግዲህ ለልምምድ ያዘጋጀነውን የማመልከቻ አንቀጽ እናርም፦

«አይ ሃቭ ግራጁዌቲድ ኢን 2021። አይ ሃድ ወርክት ኢን ኤ ፋርማሲ ፎር ቱ ዪርስ። አይ ሊቭ ኢን ቱሉ ዲምቱ ሲንስ 2023። አይ ዲድንት ፋውንድ ኤ ጆብ የት።»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ዓመት ጠርቷል፤ ጊዜው ተዘግቷል፤ «ሃቭ» ወጥቶ «አይ ግራጁዌቲድ» ይቀራል። ሁለተኛው «ሃድ» የሚደገፍበት የለውም፤ አመልካቿ ሥራውን ለቅቃለችና «አይ ወርክት» ይበቃል። ሦስተኛው መነሻ ነጥብ ያለው እስከ አሁን የዘለቀ ነገር ነው፤ «አይ ሃቭ ሊቭድ» ይሆናል። አራተኛው ሁለት ጉድለት አለበት። ከ«ዲድንት» በኋላ «ፋይንድ» እንጂ «ፋውንድ» አይመጣም፤ ይህ በየትም አገር ስህተት ነው። ሁለተኛው ጉድለት ግን ያከራክራል። «አይ ዲድንት ፋይንድ ኤ ጆብ የት» ብትል አሜሪካኖች በንግግራቸው ይሉታል፤ «የት»ን፣ «ኦልሬዲ»ን እና «ጀስት»ን ከሲምፕል ፓስት ጋር መጠቀም ለእነርሱ የተለመደ ነው። በእንግሊዞቹ አነጋገር «አይ ሃቭንት ፋውንድ ኤ ጆብ የት» ነው የሚጠበቀው። ከፊልም የለመዳችሁትን አሜሪካንኛ ከጓደኛ ጋር ተጠቀሙበት፤ ፈተናና ማመልከቻ ላይ ግን «ሃቭንት»ን ጻፉ፤ እሱን አሜሪካኖቹም ስህተት አይሉትም።